ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ፎቶው ለምንድነው የሚሸሸው?

የመመረቂያ ጽሁፍ ሰሞን ስለሆነ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ፎቶውን እዚህ ሳደርገው እዛ ይሄድብኛል"። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ወርድ ላይ ፎቶ አስገብታችሁ ካልነካካችሁት ብዙ ጊዜ "ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት" ነው የሚሆነው፣ ማለት ፎቶውን እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ቆጥሮ መስመሩ ውስጥ ይከተዋል፣ ጽሁፉ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ስኩዌር ወይ ታይት (ጽሁፉን በፎቶው ዙሪያ የሚጠቀልሉት ምርጫዎች) ስታደርጉት ግን ይንሳፈፍና ከአንድ አንቀጽ ጋር ይታሰራል (ያቺ ትንሿ የመልህቅ ምልክት እሷ ናት)፣ አንቀጹ ቀጣዩ ገጽ ከገባ ፎቶውም ተከትሎት ውልቅ፣ ካፕሽኑ (የፎቶው መግለጫ ጽሁፍ) ደሞ ለብቻው ቴክስት ቦክስ ውስጥ ስለሚሆን ሁለቱ ካልተያያዙ አንዱ እዚህ አንዱ እዛ ይቀራል። ለቴሲስ ኢንላይኑን አትልቀቁ ባይ ነኝ፣ ጽሁፍ በፎቶ ዙሪያ መጠቅለል ለመጽሔት ነው የሚያምረው።

ካፕሽኑን ደሞ በእጃችሁ "ምስል 3" ብላችሁ አትጻፉ በናታችሁ፣ ከላይ ሪፈረንስስ የሚለው ታብ ውስጥ ኢንሰርት ካፕሽን አለ፣ ኒው ሌብል ብላችሁ "ምስል" የሚለውን ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ፣ መሃል ላይ አዲስ ፎቶ ከገባ ኮንትሮል ኤ ከዛ ኤፍ 9 ስትጫኑ ቁጥሩ ራሱ ይስተካከላል። ፎቶው ያለበት መስመር ላይ ሆናችሁ ፓራግራፍ ውስጥ "ኪፕ ዊዝ ኔክስት"ን ምልክት ካደረጋችሁ ከስሩ ያለው ካፕሽን ብቻውን ሌላ ገጽ ላይ አይወድቅም።

እ፣ ፎቶው ተቆርጦ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከታያችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ላይን ስፔሲንጉ (የመስመሮቹ ርቀት) "ኤግዛክትሊ" ሆኖ ነው፣ ሲንግል አድርጉት ሙሉው ብቅ ይላል።