የኤሊያ ካፒቶሊና ካርታ ሥራዬ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በዛሬዋ አሮጌ ኢየሩሳሌም ካርታ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፌ ሮማውያን በኢየሩሳሌም ፍርስራሽ ላይ የቆረቆሯትን ከተማ፣ ኤሊያ ካፒቶሊናን፣ መሣል ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሥራው ከሰሜኑ በር ተነሥቶ የከተማዋ መሐል ደርሷል። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ የምመክረው መነሻ የማደባ ሞዛይክ ነው። በዮርዳኖስ፣ በማደባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የቅድስት ሀገር ካርታ ነው። ከሰሜኑ በር እንደተገባ አንድ ዓምድ የቆመበት አደባባይ፣ ከዚያም ግራና ቀኙ ዓምድ የተደረደረበት ረጅም ጎዳና ይታያል። ከዛሬው ካርታ ጋር ሳስተያየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዛሬው የሰሜን በር፣ በደማስቆ በር፣ ሲገባ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ቀኝ ካን ኤዝዘይት፣ ወደ ግራ አል ዋድ። እነዚህ የገበያ መንገዶች የሮማውያኑን ሁለት ጎዳናዎች ተከትለው የሚሄዱ ናቸው። ሞዛይኩ የሚያሳየው የቢዛንታይኗን ከተማ ስለሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ በአይሁድ ሰፈር ተቆፍሮ የወጣው የዋናው ጎዳና ደቡባዊ ክፍል በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጨመረ ሆኖ ስለተገኘ በሌላ ቀለም ለይቼዋለሁ።

ከሥዕሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ታሪኩ ነው። የሮማው የጦር አዛዥ ቲቶ ከተማዋን በ70 ካፈረሰ በኋላ አሥረኛው ሌጌዎን የተባለው የሮማ ጦር ክፍል በፍርስራሹ ላይ ሰፈረ። በ130 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን መጣ። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ካሲዮስ ዲዮ እንደሚለው፣ አይሁድ በሮማ ላይ ያነሡት የባር ኮክባ ዐመፅ በ132 የተቀሰቀሰው ንጉሡ አዲሲቱን ከተማ በመቆርቆሩ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ደግሞ ምሥረታውን ከዐመፁ በኋላ ያደርገዋል። እኔ የዲዮን እቀበላለሁ፤ የኤሊያ ሳንቲሞች ከዐመፀኞቹ ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅለው በይሁዳ በረሃ ተገኝተዋልና፤ ይህም ከተማዋ ዐመፁ ሳያበቃ ሳንቲም ታወጣ እንደነበር ያሳያል።

በምሥረታው ሳንቲም ላይ ሐድርያን በሬና ላም ጠምዶ የከተማዋን ወሰን ሲያርስ ይታያል። ለሮማውያን ይህ የምሥረታ ሥርዓት ነው። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ግን የከተማዋን መታረስ በአይሁድ አቆጣጠር በአቭ ወር 9ኛ ቀን ከደረሱት አምስት መከራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ልቤ ይነካል፤ ከዐመፁ በኋላ አይሁድ ወደ ገዛ ከተማቸው እንዳይገቡ ተከልክለዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ክፍል ከካን ኤዝዘይት በስተ ምዕራብ ነው። አውሳብዮስ በጌታ መቃብር ላይ የአፍሮዲት መቅደስ ተሠርቶ እንደነበር ጽፏል። ቆስጠንጢኖስ ያንን አስፈርሶ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በ335 ተመረቀ። የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሱልጣን በዚያው ቅጥር፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ይገኛል። ከካን ኤዝዘይት ደረጃውን ወጥታችሁ ዴር ሱልጣንን የተሳለማችሁ ሁሉ፣ በሐድርያን ዋና ጎዳና መስመር ላይ ተራምዳችኋል።

የሌጌዎኑን ሰፈር ገና በነጠብጣብ ነው ያሰመርኩት። የሌጌዎኑ ማኅተም ያለባቸው ሸክላዎች በብዛት ቢገኙም አጥሩ በእርግጠኝነት አልተለየም፤ ብዙዎች ግን በደቡብ ምዕራብ ያደርጉታል።

አሁን የሰሜኑን በር በዝርዝር እየሣልኩ ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከደማስቆ በር ውጭ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ በሩ ስታዞሩ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ የሚታየውን ትንሽ ቅስት ፎቶ አንሡልኝ። ከሐድርያን ባለ ሦስት ቅስት በር የቀረው እርሱ ነው። መጠኑን እንድገምት አጠገቡ ሰው ቢቆም ይረዳኛል።