ስፓይደርማን ባሕር ዳር ላይ የሰነዘረው ቡጢ

በ2017 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ ከሥራ መልስ ባሉኝ ምሽቶች፣ የአሜሪካ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ጀግና የሆነውን ስፓይደርማንን ወደ ባሕር ዳር የሚያመጣ ረዘም ያለ የአድናቂ ድርሰት፣ ማለትም የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ተውሼ የሠራሁት ታሪክ፣ ጻፍሁ። ከስፓይደርማን ጭምብል ሥር ያለው ፒተር ፓርከር ፎቶግራፍ አንሺ ስለሆነ ለመምጣቱ ሰበብ መፈለግ አላደከመኝም፤ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሊያነሣ ይመጣል፣ ከጣና ደሴቶች የብራና መጻሕፍት እየሰረቀ የሚያሸሽ ቡድን ይገጥመዋል፣ የቡድኑ ገንዘብም ውሎ አድሮ ከኒው ዮርኩ የወንጀል አለቃ ከኪንግፒን እጅ የሚወጣ ሆኖ ይገኛል። ከተማችን የዘንባባ እንጂ የሰማይ ጠቀስ ፎቅ ከተማ ስላልሆነች፣ ጀግናው ድሩን አንጠልጥሎ ከመብረር ይልቅ ብዙውን መንገድ በባጃጅ ነው የሄደው። ያደከመኝ ይህ አልነበረም፤ የድብድቡ መጠን ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሼ በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ ስቆጥር፣ በአሥራ አንድ ምዕራፍ ውስጥ 23 ሰው ሞቷል፤ ስንት አጥንት እንደተሰበረማ መቁጠሩን መሀል ላይ ተውሁት።

ለምን እንዲህ እንደበዛብኝ ለመረዳት ረቂቁን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ ያን ጊዜ የሰማሁት ፉከራ ነው። በቋንቋችን ለጀግና የተሠራው ቀረርቶና ፉከራ ግዳይ ይቆጥራል፤ «ገዳይ» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ ሙገሳ ነው፣ ፎካሪውም የጣለውን እንጂ ያተረፈውን አይዘረዝርም። ጀግናዬን ከፍ ላደርገው በፈለግሁ ቁጥር፣ ሳላውቀው፣ የሚመጡልኝ ቃላት ከዚያ ጎተራ የሚዘገኑ ነበሩ። ስፓይደርማን ግን የሚቆጥረው ያላዳነውን ሰው ነው። ግሦቹም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። «አጮለው» ስል ምቱ ውርደት ይሆናል፤ «ኮረኮመው» ካልሁ ወንጀለኛው የተማሪ ቤት ልጅ ይመስላል፤ «ነረተው» ውስጥ የተመልካች ደስታ አለበት። ምንም ሳይጨምር የሚናገረው «መታው» ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ በመጨረሻው ረቂቅ ውስጥ የቀሩት የድብድብ ትዕይንቶች ከሞላ ጎደል በዚህ ተራ ግሥ የተጻፉ ናቸው።

ቀጥዬ ወደ ምንጩ ተመለስሁ፤ የሰው ገጸ ባሕርይ ተውሶ የሚጽፍ ሰው፣ ባለቤቶቹ ስለ ደም ምን ልማድ እንደነበራቸው ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁና። ልማዱ ወጥ አልነበረም። ሌላው የኮሚክ ጀግና ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ወንጀለኛውን በቡጢ ብሎት ሰውዬው አሲድ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ቅንጣት አያዝንም፤ እንዳይገድል የተከለከለው ጥቂት ቆይቶ በአዘጋጆቹ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል ክርክር ከተካሄደ በኋላ፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ከመጠን ያለፈ ጭካኔን ከለከሉ። «ከመጠን ያለፈ» ማለት ቀላል ነው፤ መጠኑ ምን እንደሆነ ግን ደንቡ አይናገርም፣ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር።

ከደንቡ ይልቅ ያስተማሩኝ በስፓይደርማን ታሪኮች ውስጥ ያሉ ሁለት ሞቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው የመጀመሪያው ታሪክ አጎቱ ቤን ሲገደል አናይም፤ ፒተር ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጃፉ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሞ ያገኛል፣ መርዶውንም ከፖሊሱ አፍ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ጠላቱ ግሪን ጎብሊን የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ሲጥላት፣ ስፓይደርማን ድሩን ወርውሮ እግሯን ይይዛታል፤ አንገቷ አጠገብ፣ በትንሽ ፊደል፣ በአማርኛ «ቀጭ» ልንለው የምንችለው አንድ የድምፅ ቃል ተጽፏል። ደም የለም። በኋላ አዘጋጆቹ በደብዳቤዎች ዓምድ ላይ እንደገለጹት፣ የገደላት ድሩ ድንገት ገትቶ ሲያስቆማት ነው፤ እጁ ሊያድናት ተዘርግቶ ገደላት። እኔ በ23 ሬሳ ያላገኘሁትን እነርሱ በአንድ ቃል አግኝተውታል።

ሦስተኛዋ አስተማሪዬ ታላቅ እህቴ ነች። ነርስ ናት፤ ምዕራፍ ሦስትን ከሌሊት ተረኛ መልስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከስልኬ ላይ አነበበችው። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ፒተር አንዱን ዘበኛ አገጩን ይለዋል፣ ዘበኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሱን ስቶ ይቆያል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን እያሻሸ ተነሥቶ ወደ አለቃው ይሮጣል።

«ይሄ ልጅ ሁለት ሰዓት ራሱን ስቶ ተነሥቶ የሚሮጠው ምን ጠጥቶ ነው?» አለችኝ።

«እታለም፣ ልቦለድ እኮ ነው።»

«ልቦለድ ከሆነ ክንፍ አውጣለት። ጭንቅላት ግን ጭንቅላት ነው።»

በምት ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደሚነቃ፣ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ጉዳቱ ቀላል ከሚባለው መደብ እንደሚወጣና አንጎል ውስጥ ደም መፍሰሱ እንደሚያሰጋ አስረዳችኝ። ቀጥላ ቀኝ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አጥፋ ቡጢ አስጨበጠችኝ፤ ከትንሿ ጣቴ ሥር፣ ከአንጓው ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ቡጢ የሚሰነዝር ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚሰብረው ይህንን፣ የራሱን ነው» አለች። በሥራዋ ላይ ብዙ ጊዜ የምታየው የተመታውን አገጭ ሳይሆን የመቺውን እጅ መሆኑን ስትነግረኝ፣ በጻፍኋቸው አሥራ አንድ ምዕራፎች ውስጥ አንድም መቺ እጁን እንዳላመመው አስታወስሁ።

ይህ ሐሳብ ከጠበቅሁት በላይ ርቆ ወሰደኝ። የስፓይደርማን አሳታሚ የማርቭል ይፋዊ መመሪያ መጻሕፍት ስፓይደርማን 10 ቶን ያህል ማንሣት እንደሚችል ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ሰው የዓባይ ማዶን ተራ ዘበኛ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመታው ዘበኛው ራሱን አይስትም፤ ይሞታል። ስለዚህ ስፓይደርማን የሚሰነዝረው ቡጢ ሁሉ የተቆጠበ ቡጢ ነው፤ ታሪኩም ያለው በተቆጠበው ውስጥ ነው። እንደገና ስጽፈው፣ ፒተር ከመምታቱ በፊት የሰውየውን ክብደት ይገምታል፣ ኋላው ግንብ መኖሩን ያያል፣ እጁን ይከፍታል። ትዕይንቱ በግማሽ አጠረ፣ ውጥረቱ ግን ጨመረ።

የድርሰቱን መጠን በእርግጥ የለወጠችው ግን ስፓይደርማን ማን እንደሆነ የማታውቀው እናቴ ናት። እኔና እህቴ ቡና ላይ ስንከራከር «ሃያ ሦስት ሰው» የሚለውን ሰማችና ስኒውን አስቀምጣ፣ «ለሃያ ሦስቱ ድንኳን የተከለው የማን እድር ነው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ታሪኩን ያኖርሁት ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሰው ሞቶ መንገዱ ላይ ድንኳን ሳይተከል፣ የእድር ወንበር ሳይወጣ፣ ንፍሮ ሳይቀቀል፣ ጎረቤት ሥራውን ሳያስታጉል አይቀርም። በጻፍሁት መጠን ሰው ቢሞት ከተማው በሙሉ ለሁለት ወር ሌላ ሥራ አይሠራም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ከመግደሌ በፊት ድንኳኑ የት ሰፈር እንደሚተከልና ማን እንደሚያለቅስ በማስታወሻዬ ላይ አሰፍራለሁ፤ ይህን መጻፍ ከሰለቸኝ ሰውየው አይሞትም። ሃያ ሁለቱ በዚህ መንገድ ተረፉ።

የቀረው አንዱ፣ የደሴቱን ዕቃ ቤት የሚጠብቅ አንድ አዛውንት ናቸው። ሲገደሉ አልጻፍሁም፤ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ልጅ ጠዋት መጥቶ ይናገራል። ከዚያ ሙሉ ምዕራፍ ድንኳኑ ውስጥ ያልፋል፤ ፒተር በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ በሰዎች መሀል ተጣቦ፣ እፍኙ ላይ የተዘገነለትን ንፍሮ ይብላው ይያዘው ግራ ገብቶት ይቀመጣል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አንድም ምት የለም፤ ያነበቡልኝ ወዳጆቼ ግን ከባዱ ይህ ነው አሉ።

በመሀል ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ወደቅሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ከጥንቃቄ ብዛት ማንም ማንንም የማይነካበት ሆነና፣ አንድ ጓደኛዬ አንብቦ፣ «እነዚህ ሌቦች ናቸው ወይስ የዕቁብ ጸሐፊዎች?» አለኝ። ልክ ነበር። የኪንግፒን ሰዎች ካላስፈሩ የፒተር መቆጠብ ዋጋ የለውም። ይኸው ጓደኛዬ መፍትሔ ብሎ ያቀረበልኝ ወንጀለኞችን እየገደለ የሚቀጣውን ፐኒሸርን አስገባ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያው በስፓይደርማን ኮሚክ ውስጥ የተወለደ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ባዳ አይሆንም ብሎ ተከራከረኝ። አንድ ምዕራፍ ሞከርሁና አወጣሁት። ፐኒሸር የማይገድል ከሆነ ፐኒሸር አይደለም፤ ከገደለ ደግሞ ድንኳኑን የምተክለው እኔ ነኝ። ስለ እርሱ የሚጻፍ ድርሰት ሌላ መጠን ይፈልጋል፣ ያም ስሕተት አይደለም፤ መጠኑን የሚወስነው ተውሰን የምንጽፍበት ሰው ማንነት ነው።

ዘጌ የሄድሁት በዚህ ጊዜ ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። በዚያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሰማዕታት ሲገረፉና አንገታቸው ሲቆረጥ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ አሁን ያየሁት ሥዕሉ ለየትኛው ስንት ቦታ እንደሰጠ ነው። ገዳዮቹ በአንድ ዓይን፣ በጎን ፊት ይሣላሉ፤ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን፣ ሙሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አድርገው ይሣላሉ። በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቷል ይባላል፤ ሁላችንም ስንተርከው ግን የምንዘገይበት ለተጠማው ሰው ያጠጣው ጥርኝ ውኃና ሚዛኑ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በድብድብ ትዕይንቶቼ ውስጥ ሁለት ዓይን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ እየጠየቅሁ አረምሁ፤ በአብዛኛው ለተመታው ሰጠሁ።

ስለ ፍርሃት ያልጠበቅሁትን ነገር የነገረችኝ ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በከተማችን ተኩስ የሰማ አንባቢ፣ የጥይት ድምፅን በቅጽል ባሳምርለት አይደነግጥም፤ እንደማላውቀው ብቻ ያውቅብኛል። ባልደረባዬ የተኩሱን ትዕይንት ሳታቆም አልፋ አንብባው፣ ስልኳን ያስቀመጠችው እኔ ለማሸጋገሪያ ብዬ የጣልሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ በእኩለ ቀን የሱቆቹ የብረት በሮች ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማል። «ይሄን አውጣው ወይም መጀመሪያ አስጠንቅቀኝ» አለች። አላወጣሁትም፤ በምዕራፉ አናት ላይ ግን የሚመጣውን የሚናገር አንድ መስመር ጨመርሁ፣ የተኩሱንም ትዕይንት ሰርዤ የኪንግፒንን ሰዎች ማስፈራት ለበሮቹ ተውሁላቸው። የአድናቂ ድርሰት ጸሐፊዎች በአናቱ ላይ ማስጠንቀቂያ የመጻፍ ልማድ እንዳላቸው ባውቅም፣ እስከዚያን ቀን ድረስ ማስጠንቀቂያ ለደም ብቻ የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር።

የድልድዩ ምዕራፍ የመጨረሻ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ከላዩ ላይ አራት ሰው ወርውሬ ነበር፣ ከሥሩ ያሉት ጉማሬዎችም ሥራ አልፈቱም። አሁን የሚወድቀው አንድ ነው፣ የሌቦቹ ሾፌር። ፒተር ድሩን ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ግዌን ትዝ ትለዋለች፤ በአንዴ ገትቶ እንዳያስቆመው፣ ቀጫጭን ድሮችን ተራ በተራ እየለቀቀ ያዘገመዋል። ሾፌሩ ውኃ ውስጥ በቀስታ ይገባል፣ እየተሳደበ ይወጣል።

በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ታንኳ ቀዛፊው ልጅ አንዱን ሌባ በቡጢ ይመታዋል፤ ይህን ምት የተውሁት እህቴ ያሳየችኝን አጥንት እንዲሰብርበት ነው። መጀመሪያ ድብድቡን ታንኳው ላይ አድርጌው ነበር፤ ባሕር ዳርቻው ላይ የጠየቅኋቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ደንገል ላይ ቆሞ የሚማታ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ናቸው» ብለው ስለሳቁብኝ ወደ ዳር አወጣሁት። ልጁ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ታንኳው ለማድረቂያ እንደቆመ ሰነበተ፤ ቤተሰቡ ዓሣ አልሸጠም። ፒተር ሊቀዝፍለት ይሞክራል፣ ታንኳው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። ልጁን በአራተኛው ሳምንት መቅዘፊያ አስይዤው ነበር። እህቴ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ፣ «ስድስት ሳይሞላ እንዳታስቀዝፈው» አለችኝ፤ ሁለት ሳምንት ጨመርሁለት።