ድሬ ብለህ ጻፍ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ልመርጥ ጎንበስ ብያለሁ። ሻጯ ከጎኗ ካለችው ጋር በኦሮምኛ ትሳሳቃለች። ሶማሌ ደንበኛ ስትመጣ በሶማልኛ ተከራከሩ። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ በአማርኛ፦ «አቦ፣ ትገዛለህ ወይስ ታሻለህ?» አፈርኩ። አንድ ኪሎ ገዛሁ።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ፣ ገጠሩን ጨምሮ፣ ድሬዳዋ ኦሮሞ 46፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20 በመቶ ገደማ ነበረች፤ ከዚያ ጉራጌና ሌሎችም። ያኔ ቆጣሪው እኛም ቤት መጥቷል። አባቴ ለባቡር ሥራ የመጣ ጉራጌ፣ እናቴ ኦሮሞ፣ የአክስቴ ባል የመናዊ። «ብሔር?» ሲል እናቴ ሻይ እየቀዳች «ድሬ ብለህ ጻፍ» አለችው። ቆጣሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሁሉንም የሰበሰበው ሐዲዱ ነው፤ ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ጥላ ያላቸው ዛፎች አሏት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ ናት፤ እኔ እሷን እመርጣለሁ። ግሪኮቹና አርመኖቹ ከሞላ ጎደል ሄደዋል። በዘይት የሚጠበሰው ባጂያ ግን አለ። አመሻሽ ላይ ዘይቱ ሲንጫጫ፣ በወረፋው ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይሰማል፤ ሁሉም የሚለው «ዳጣ ጨምርበት» ነው።