ብንያም

ዛሬ የእህቴ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ስሙን ያወጡለት አባባ ናቸው፤ ብንያም። ውሃው ሲነካው ጮኸ፣ ከዚያ ጣቴን ጭብጥ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው።

ማታ ዘፍጥረት 35ን ገለጥኩ። ራሔል ወደ ቤተልሔም በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠናባት፤ ነፍሷ ስትወጣ ልጁን «ቤንኦኒ» አለችው፣ የሐዘኔ ልጅ። ያዕቆብ ግን «ብንያም» አለው፤ በዕብራይስጥ የቀኝ እጄ ልጅ እንደማለት። (በግዕዝም ቀኝ «የማን» ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው።) የሚወዳት ሚስቱን እየቀበረ፣ ሐዘኑ የልጁ መጠሪያ ሆኖ እንዳይቀር ማሰቡ አንጀቴን በላው። ንጉሥ ሳኦልም ሐዋርያው ጳውሎስም የተገኙት ከዚሁ ልጅ ነገድ ነው።

እህቴም ምጡ ክፉኛ ጠንቶባት ነበር። ተመስገን፣ አሁን ነጠላዋን ተከናንባ ብንያምን እያጠባችው ነው።