ልጄ፣ ጃኬትህ እንዳይበሰብስ

ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣብኛለች። ባጃጅ ስጠብቅ ትመጣብኛለች። ማታ ጋደም ስልማ ከነድምፀቷ ነው የምትመጣው። ሦስት ቃል ናት፦ «ልጄ፣ ጃኬትህ እንዳይበሰብስ።»

ተሰድቤ ቢሆን በሦስተኛው ቀን እረሳው ነበር። ስድብ ለምጃለሁ። እማማ ግን ከልባቸው አዝነው ነው የተናገሩት። ያዘኑት ደግሞ ለእኔ አይደለም። ለጃኬቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይታቀዳል፣ ቅዳሜ ማታ ላይ ይሞታል። ግንቦት ላይ «እሑድ በእግር ጅሬን እንውጣ» ሲባል እኔም አውራ ጣት አድርጌ አለፍኩ። ያቺ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን ለምሳ ብር መሰብሰብ ጀመረች። ብር ከተሰበሰበ ነገሩ እውነት ነው።

ጅሬን ከጅማ ከተማ በላይ ያለ ዳገት ነው። እኔ ደግሞ ዳገት መውጣት አልችልበትም። ለዳገት መዘጋጀት ግን እችልበታለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ አደርኩ። ጃኬት ሁሉ ጃኬት እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሃርድሼል የሚባለው ውኃ ጨርሶ የማያስገባው ነው፤ ሲለብሱት እንደ ቺፕስ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ሶፍትሼል ደግሞ ውጪው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ፣ የሚለጠጥ፣ ውስጡ ፍሊስ የሚሉት ስስ፣ ለስላሳና ሞቃት ጨርቅ ያለው ነው። ነፋስ ይመክታል፣ ላብ ያስወጣል፣ ሲራመዱ አይይዝም። ዝናብስ? «ቀላል ዝናብ ይችላል» አለ ሰውየው። ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። እኔ «ይችላል» የምትለዋን ያዝኩ። «ቀላል» የምትለዋ በሌላኛው ጆሮዬ ወጣች። የጅማ ልጅ ቀላል ዝናብ የሚባል ነገር የት ያውቃል?

መርካቶ ሄድኩ። የእኛውን መርካቶ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ሱቅ «ሶፍትሼል አለ?» ስል «ሞልቷል» ብሎ የሌዘር ጃኬት አወጣልኝ። ሁለተኛው ቱታ አሳየኝ። «ይሄ ቱታ ነው» ስለው «ሶፍት ነው ግን፣ ንካው» አለኝ። ነካሁት። እውነትም ሶፍት ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ብዙ አላወራም። አንድ ወይራ አረንጓዴ ጃኬት አወረደ። ከባንኮኒው ሥር ሀይላንድ አነሣ። ክዳኑን በውኃ ሞላ። እጅጌውን በግራ እጁ ወጠረና አፈሰሰበት። ውኃው አልተዘረጋም። ድብልብል ብሎ ቆመ። ልጁ እጅጌውን ዘንበል ሲያደርገው ጠብታዎቹ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ እየተንከባለሉ ወረዱ። አንዷ ብቻ ስፌቱ ላይ ቀረች። ትንሽ ቆየችና ጠፋች። የት እንደገባች አልጠየቅሁም። ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ከዚያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት አየኋት። «10,000 ሚሜ» ትላለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መዘዙ ሁሉ ከዚህች ቁጥር ነው። ሚሊ ሜትር ምን እንደሚለካ አውቃለሁ፤ ዝናብ ነው የሚለካው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ስልኬን አወጣሁ። 10,000 ለ1,500 ሲካፈል ስድስት ነጥብ ስድስት ስድስት እያለ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር! ይህ ጃኬት የጅማን ሰማይ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ብቻውን ይችለዋል ማለት ነው። ዘንድሮ ግንቦት ከለበስኩት ዝናቡን ጠጥቶ የሚጨርሰው ጥር ላይ ነው። ጥር ደግሞ በጋ ነው። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ዝናብ በትርፍ እለብሰዋለሁ። ሲሞትም ደረቅ ሆኖ ይሞታል። ከደሞዜ ሩብ የሚጠጋ ብር ቆጥሬ ስሰጥ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለስድስት ዓመት ከስምንት ወር ሲካፈልማ ነፃ ነው።

ይህን ሒሳብ ለራሴ ብይዘው ምን ነበረበት? ሰኞ ቢሮ ገብቼ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሠራሁት። ከነማካፈያው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ መጥታ አየችው። «ስሌቱ ልክ ነው» አለችና ሄደች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ ያኔ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ቁጥሯ ውሸት አይደለችም። ነገሩን የተረዳሁት በኋላ፣ ደርቄ ነው። ጨርቁን ይወጥሩና ላዩ ላይ የውኃ ዓምድ ያቆማሉ። ዓምዱ ስንት ሲደርስ ነው ውኃው ሰብሮ የሚያልፈው? ይህ ነው የሚለካው። 10,000 ማለት አሥር ሜትር የውኃ ዓምድ ነው። ግሩም ጨርቅ ነው። ችግሩ የሚለካው ጨርቁ እንጂ ጃኬቱ አለመሆኑ ነው። ጃኬት ስፌት አለው። ስፌት ደግሞ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ነው። ሃርድሼል ላይ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በፕላስተር ይደፍኗቸዋል፤ ብዙው ሶፍትሼል ላይ ግን እንዲሁ ይተዋሉ።

እኔም የበኩሌን አድርጌያለሁ፤ አልዋሽም። ጃኬቱ መጋዘን መጋዘን ይሸታል ብዬ ቅዳሜ ዕለት በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ፣ በቡሩሽ ፈትጌ፣ በልብስ ማለስለሻ አለቅልቄ አሰጣሁት። ያንን ውኃ እንደ ዶቃ የሚያንከባልለውን ስስ ሽፋን የሚገድለው ይኸው ነው። አንደኛ ማለስለሻ፣ ሁለተኛ እኔ።

እሑድ ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ተገናኘን። ሰማዩ ፊቱን አጥቁሯል። ሾፌራችን ጋሼ ሁለት ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል፣ አንዱን ዘረጉልኝ። ያልኩትን ስጽፈው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። «ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔ አሥር ሺ ነኝ።»

ዳገቱ ላይ ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ከውስጥ ረጠብኩ። ላብ ያስወጣል የተባለው ጃኬት የእኔን ላብ አይቶ ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ወፉም ዝም አለ። የጅማ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል የሚሉ ሰዎች ያሙታል፤ ያስጠነቅቃል፣ የማንሰማ እኛ ነን። መጣ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የእኔ ነበሩ። ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ሲንጠባጠቡ እኔ መሐል መንገድ ላይ ክንዴን ዘርግቼ «እዩት! እዩት ሲንከባለል!» እላለሁ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ጣት ከቀኝ ትከሻዬ ተነሥቶ በጀርባዬ ወረደ። የቦርሳው ማንገቻ ስፌቱን ተጭኖት ኖሯል። ቀጥሎ ግራው። ቀጥሎ አንገቴ። ኮፍያውን ብጎትተው ግንባሬን አልፎ ዓይኔን ሸፈነው፤ ያለ ሄልሜት የማይለበስ ኮፍያ መሆኑን ማን ነግሮኝ? የከፋው ግን ኪሱ ነው። ውኃው በዚፑ በኩል ገባ፤ መውጫ ግን አጣ። ለካ ጃኬቱ ዋተርፕሩፍ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጪ! በሁለቱም ጎኔ ገንቦ የተሸከምኩ መስዬ እየተንቦጫቦጭኩ ሄድኩ። ለመሮጥ ብሞክር ጎኔና ጎኔ ላይ ቷ ቷ ይላል።

መንገድ ዳር አንድ ቤት ጥግ ተጠለልን። እማማ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። ለሁላችንም «ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሰፌዱን አስቀመጡ። ቀረብ ብለው የጃኬቱን እጅጌ በሁለት ጣታቸው አሸት አደረጉት፣ እንደ ሻሽ።

«ያ ረቢ! ውድ ነገር ነው አይደል?»

«አዎ እማማ» አልኩ። ምን ልበል?

ወደ ውስጥ ገብተው የማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ወጡ። ያንን ነጩን፣ ውስጡ ላስቲክ ያለውን። አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው ከተቱት፣ ሹል ቆብ ሆነ። አናቴ ላይ ደፉልኝ፣ ጀርባዬ ላይ አስተካከሉት። ከዚያ ያቺን ነገር ተናገሩ።

«ልጄ፣ ጃኬትህ እንዳይበሰብስ።»

ዝናቡ ራሱ ለአንድ ሰከንድ ያቆመ መሰለኝ። ከዚያ ጋሼ ሳቁ። ጋሼ እኮ የማይስቁ ሰው ናቸው! ከዚያ ማን ያቁመው? ፎቶው ያኔ ነው የተነሣው። ሹል ቆብ፣ ወይራ አረንጓዴ ሶፍትሼል፣ ደረቴ ላይ ከነወረቀቷ የተንጠለጠለች «10,000 ሚሜ»፤ ለማስረጃ ብዬ አልቆረጥኳትም ነበር። ጆንያው ላይ ደግሞ «50 ኪ.ግ.» ተጽፏል። ማታ እቤቴ ሳልገባ ስቲከር ሆኜ ጠበቅሁኝ።

አሁን በሐቅ እንነጋገር። ጆንያው አንድ ጠብታ አላስገባም። ውስጡ ላስቲክ ነው። ኮፍያው ዓይን አይሸፍንም። ኪስ ስለሌለው ኩሬ አይሠራም። ከሥር ክፍት ስለሆነ አየር እንደ ልብ ይገባል፤ እኔ አንድ ሳምንት ዩቲዩብ ላይ የፈለግኩት እሱን አልነበረም? ከዚያ ቤት እስከ ላይ ድረስ በጆንያ ወጣሁ። ከሁሉም ደረቅ እኔ ነበርኩ። ማለቴ፣ ከዚያ ወዲያ የመጣ ዝናብ አልነካኝም። ቀድሞ የገባው ከእኔ ጋር ነው።

ላይ ስንደርስ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሻግሬ አየሁት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙበት ቤት ነው። ያ ሁሉ እንጨት፣ ያ ሰፊ በረንዳ ከመቶ ዓመት በላይ የዚህን ሰማይ ውኃ ተሸክሟል። በ1,500 ብታባዙት ስንት እንደሚመጣ እናንተው ሥሩት፤ እኔ ማስላት አቁሜያለሁ። አንገቱ ላይ ግን አንድም ወረቀት አልተንጠለጠለበትም።

ስንመለስ ባጃጅ። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ጠዋት «ግባ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ሲል የነበረ ባጃጅ ሁሉ ጠብታ ስትጀምር ኮንትራት ይሆናል። ዝናቡ መንገዱን ያረዝመዋል እንዴ? ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ይገባል? ሲያቆምም ደግሞ አያቆምም፤ ቀስ ብሎ እየሄደ ከላይ እስከ ታች ያይሃል፣ ዋጋህን ይተምናል። የእኔው ሾፌር አየኝና «ወንበሬን ታበሰብስብኛለህ» አለ። ኮንትራቱን እየከፈልኩት! «ያንን ማዳበሪያ አንጥፈህ ከሆነ ተቀመጥ።» አንጥፌ ተቀመጥኩ። ቀን ዝናብ ከልክሎልኝ፣ ማታ ባጃጅ አሳፈረኝ።

ቢሮ ውስጥ አሁን ስሜ አሥር ሺ ነው። «አሥር ሺ ደህና አደርክ?» «አሥር ሺ፣ ሻይ በል።» ነጭ ሰሌዳው ላይ ያቺን ማካፈል ማንም አላጠፋትም። ከሥሯ አንድ ሰው በቀይ «ቀሪ፦ ስድስት ዓመት ከሰባት ወር» ብሎ ጽፏል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ በየወሩ ታስተካክላታለች። ጃንጥላውን የዘረጉልኝ ጋሼ እንኳን «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ደመና ባዩ ቁጥር ዘወር ብለው እኔን ያያሉ።

በሁለተኛው እሑድ ጆንያውን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ጃንጥላ ይዣለሁ። እማማ ያው በርጩማቸው ላይ ናቸው። ወዲያው ለዩኝ። ጆንያውን ተቀበሉኝ፣ ስኳሩን «ምን አስቸገረህ» ብለው ተቀበሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ሐሳብ አየሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ።

«ጃኬቱስ? ተሻለው?»

«ደህና ነው እማማ። ደርቋል።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና በረዥሙ ተነፈሱ።

«አልሐምዱሊላህ።»