ድንጋይ ዓሣ ወይስ አድፋጭ?

ድሬዳዋ፣ ማታ

ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከጅቡቲ ድሬ ሲገባ ፈረንሳይኛም አብሮ ገባ፤ «ለገሃር» እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። «ፑዋሶን ፒየር» ግን እዚያው ባሕሩ ዳር ቀረ። ትርጉሙ ድንጋይ ዓሣ ነው፤ ድንጋይ መስሎ ባሕር ወለል ላይ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ ስም ነው። በአማርኛ ምን እንበለው?

«አድፋጭ ዓሣ» ቢባልስ? አደኑን ልክክ አድርጎ ይገልጻል። በደረቱ ክንፎች አሸዋውን እየጫረ ግማሽ ገላውን ይቀብራል። ኪንታሮት የወረሰው የሚመስለው ቆዳው አልጌ ያበቅላል። ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ፊቱ ሲደርስ አፉን ብርግድ ያደርግና ውኃውን ከነአደኑ ይስበዋል፤ 0.015 ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት።

ግን ይህ ስም ያሳስታል። የሚያድነው በአፉ ነው፤ መርዙ ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ለመከላከያ እንጂ ለአደን አያገለግለውም። ሰውን አያደፍጥም። ጀርባው 13 እሾህ አለው፤ በእያንዳንዱ እሾህ ግራና ቀኝ የመርዝ ከረጢት አለ። ሲረገጥ የእሾሁ ሽፋን ወደ ታች ይሸሻል፣ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ መርዙ በእሾሁ ቦይ ሽቅብ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። አጥብቆ የረገጠ የበለጠ መርዝ ይቀበላል። «ነደፈው» እንላለን እንጂ ሰውየው ነው የረገጠው። እግርን የሚያስጠነቅቀው ቃል «ድንጋይ» ነው፤ እኔ እሱን መርጫለሁ።

ደቻቱ ወንዝ ጎርፎ ሲያበቃ አሸዋ ውስጥ ግማሹ ተቀብሮ የሚቀረውን ድንጋይ ያየ የድሬ ልጅ የዓሣውን መልክ አይቷል። ጅቡቲ ወርዶ ባሕር የሚገባ ሰው ወፍራምና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ያድርግ፤ ስስ ነጠላ ጫማን እሾሁ ይበሳዋል። ዓሣው ከውኃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ስለሚቆይ፣ ዳር ላይ ቢገኝም በእጅ አይነካም።

የተወጋ ሰው መጀመሪያ ከባሕር ይውጣ፤ ሕመሙ ራስን እስከ መሳት ያደርሳልና ሊሰጥም ይችላል። ከዚያ እግሩ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ሙቀት የመርዙን ፕሮቲን ያዳክማል፤ በረዶ አያዳክመውም። የፈላ ውኃ ግን ይልጣል፤ የታመመ እግር ሙቀት በደንብ ስለማይለይ ሌላ ሰው አስቀድሞ እጁን ነክሮ ይሞክረው። ውኃው ሲቀዘቅዝ እግሩን አውጥቶ ነው ሙቅ የሚጨመርበት። ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ የለም። ሕመሙ ቢቀልለትም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህ መውጣት አለበት፣ የቴታነስ መርፌም ያስፈልገው ይሆናል።