በሁለት ቀን ያደገው ልብ

ራዲዮግራፊ፣ ማለትም የራጅ አነሣሥ ሙያ፣ ማስተማር ስጀምር ከመናገር ሌላ የማስተማሪያ መንገድ አላውቅም ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፤ ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ራጅ ክፍል ሲገቡ ግን ግራ ይጋባሉ። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 በችግር ላይ የተመሠረተ የሕክምና ትምህርት፣ ማለትም ተማሪዎች ከአንድ ችግር ተነሥተው መልሱን ራሳቸው የሚፈልጉበት ዘዴ፣ መጀመሩን ሳነብ እኔም ልሞክረው ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። «በደረት ራጅ ላይ ልብ ገዝፎ የሚታይባቸውን ምክንያቶች አብራሩ» አልኳቸው። ስምንቱ ተማሪዎች ምክንያቶቹን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለው፣ ከመጽሐፍ ገልብጠው በየተራ አነበቡልኝ። ምን ያድርጉ? የሰጠኋቸው የፈተና ጥያቄ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት በሁለት ቀን ልዩነት የተነሡ የአንድ ታካሚ ሁለት የደረት ፊልሞችን ስሙን ሸፍኜ አመጣሁ። ከሥራቸው የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሐኪሙ የዚህ ሰው ልብ አድጓል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምን ትመልሳላችሁ?»

ሁሉም ወደ በሽታ ሮጡ። የልብ ድካም ነው፣ በልብ ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ነው ተባባሉ። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዝም ማለት ከማስተማር ይልቅ እንደሚያደክም ያን ቀን ገባኝ። በመጨረሻ ዘወትር ጥግ የምትቀመጠው ልጅ «መምህር፣ ሁለተኛውን ሲነሣ ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ?» አለች። አዘጋጅቼ የደበቅሁትን ወረቀት ያን ጊዜ ሰጠኋት። የመጀመሪያው ቆሞ፣ ደረቱን ፊልሙ ላይ አስጠግቶ፣ ጨረሩ ከጀርባው በ180 ሳንቲሜትር ርቀት መጥቶ የተነሣ ነው። ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ጨረሩ ከፊቱ በ100 ሳንቲሜትር።

አንዱ የስልኩን መብራት አበራ፤ ሌላው ሲኒ አነሣ። ሲኒው ከግድግዳው ሲርቅና መብራቱ ሲቀርብ ጥላው አበጠ። ከዚያ ጥላው ስንት እጥፍ እንደሚጎላ ራሳቸው አሰሉት፦ የጨረሩ ምንጭ ከፊልሙ ያለው ርቀት፣ ከልቡ ላለው ርቀት ሲካፈል። ልቡ ከፊልሙ 5 ሳንቲሜትር ይርቃል ብለን 180ን ለ175 ስናካፍል 1.03፤ ተኝቶ 15 ይርቃል ብለን 100ን ለ85 ስናካፍል 1.18። ስፋቱ 12 ሳንቲሜትር የሆነው ያው ልብ አንዴ 12.3፣ አንዴ 14.1 ሆኖ ይታያል። የተኛ ሰው ትንፋሹን በደንብ ስለማይስብ ድያፍራሙ (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ወደ ላይ ተገፍቶ ልቡን የበለጠ እንደሚያሰፋውም አነሡ። ደስታቸው ሳይበርድ አንዱ «ልቡ በእውነት አድጎ ቢሆንስ?» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። በእነዚህ ሁለት ፊልሞች መወሰን እንደማይቻል ለሐኪሙ መንገር አለብን የሚለው ላይ ደረሱ። እኔ እንኳ በዕቅዴ ውስጥ ያልጻፍኩት መልስ ነበር።

ዘዴው ለሁሉም ነገር አይሆንም። ክርንን ከጎን ለማንሣት ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ ክርኑ 90 ዲግሪ ይታጠፍ ለማለት የአንድ ሰዓት ክርክር አያስፈልግም፤ እጅ ይዞ ማሳየት ይበቃል። ለቡድን የሰጠሁት የጋራ ነጥብም ሁለት ሰነፎችን ሸሽጎብኛል፤ አሁን እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ለብቻው ይጽፋል።

ከወራት በኋላ ያቺ ልጅ በተግባር ልምምድ ላይ ከአልጋ ላይ ያነሣችውን ፊልም አየሁ። ጥጉ ላይ «ተኝቶ፣ ከፊት፣ 100 ሳ.ሜ.» ብላበታለች። ስለ ትንፋሹ መጻፉን ግን ረስታዋለች።